ፒካፕ፣ ቫልቭና ሞንታርቦ፦ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለጠየቀኝ ጥያቄ ረጅም መልስ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት ያስተማርኩት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ስሙን አልጠራም፤ አብራችሁት የተማራችሁ ግን ታውቁታላችሁ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዴስኩን ከበሮ የሚያደርገው ልጅ ነው (ስንቴ አስወጥቼዋለሁ!)። አሁን አምቦ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ጊታርና ክራር ይጠግናል። ከጉደርም፣ ከጌዶም፣ ከግንጪም ሥራ ይመጣለታል፤ የሚበዛው የመዘምራንና የሠርግ ባንድ ዕቃ ነው። በቅርቡ ደግሞ ፒካፕ ራሱ እየጠመጠመ መሸጥ ጀምሯል።

ፒካፕ ስል ጤፍ የሚጭነው ቶዮታ እንዳይመጣባችሁ። የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ከክሮቹ ሥር የምትቀመጠው፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጠው ዕቃ ናት። ማግኔትና ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ሌላ ምንም የላትም። ልጁ ሽቦውን ከአሮጌ ሪሌይ ይፈታል፣ ማግኔቱን ከተቀደደ ስፒከር ያወጣል፣ በእናቱ የስፌት መኪና ይጠመጥማል። ዙሩን የሚቆጥረው በካልኩሌተር ነው፤ መንኮራኩሩ በዞረ ቁጥር የ"እኩል ይሆናል" ቁልፍ እንዲነካ አድርጎ አገናኝቶታል። ይሄን ሳይ ዴስክ መደብደቡን ሁሉ ይቅር አልኩት።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት" አለኝ። "አንድ ሰው ከአሜሪካ የመጣ የቫልቭ አምፕሊፋየር አለኝ፣ ልሽጥልህ ብሎኛል። ፒካፕ ለመሞከር ከዚህ የተሻለ የለም ይላል። ገንዘቡ ግን የስድስት ወር የቤት ኪራይ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ልግዛው?"

እኔን የጠየቀኝ ጊታር ስለምነካካ ነው። እንደዚሁም ከዓመታት በፊት አንድ አምፕሊፋየር ማቃጠሌን ስለሚያውቅ ይመስለኛል፤ እሱን እመለስበታለሁ። በስልክ "ቆይ፣ አትቸኩል" አልኩት። ከዚያ ሳስበው መልሱ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። እኔም የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ በማውቀው በኩል ልግባበት። (የእኛን ዘመን ዓ.ም.፣ የፈረንጁን እ.ኤ.አ. እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እንዳትምታቱ።)

ከቫልቩ ልጀምር። ታላላቆቻችን "ባለ አምፖል ሬዲዮ" የሚሉትን ታስታውሳላችሁ፤ ስትከፍተው ወዲያው የማይናገር፣ እስኪሞቅ የሚጠበቅ፣ በጀርባው በኩል ቀላ ያሉ መብራቶች የሚታዩበት። እነዚያ መብራቶች ናቸው ቫልቭ ወይም ቲዩብ የሚባሉት። ሥራቸው የመስኖ ቦይ እንደሚከፍት ገበሬ ነው። ወንዙ ትልቅ ነው፤ ገበሬው ግን በአንድ አካፋ አፈር ይዘጋዋል፣ በአንድ አካፋ አፈር ይከፍተዋል። ቫልቭም ውስጥ የጊታሩ ደካማ ኤሌክትሪክ አካፋ ሆኖ፣ ከግድግዳ ሶኬት የመጣውን ትልቅ ኃይል ይከፍታል ይዘጋል። እንግሊዞች "ቫልቭ" ነው የሚሉት። ፍሌሚንግ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1904 የመጀመሪያውን ሠራ። ሊ ደ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ በ1906 ሦስተኛ አካል ጨመረበት፤ አካፋውን የሰጠው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሬዲዮም፣ የረጅም ርቀት ስልክም፣ ድምፅ ያለው ሲኒማም የተስፋፉት በዚያ ነው።

ፒካፕ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማግኔት አጠገብ የሚንቀሳቀስ ነገር ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሳ ፋራዳይ ያሳየው በ1831 ነው፣ ፊዚክስ ላይ ተምራችኋል። ግን መቶ ዓመት ሙሉ ጊታር ላይ ያዋለው አልነበረም፤ ምክንያቱም ከክር የሚገኘው ኤሌክትሪክ በጣም ደካማ ነው። የሚያጎላው ቫልቭ እስኪረክስ መጠበቅ ነበረበት። ጆርጅ ቦሻምፕና ሪከንባከር በ1930ዎቹ መጀመሪያ "መጥበሻ" የሚል ቅጽል የወጣላትን ጊታር ሲሠሩ፣ ከጊታሩ ጋር አምፕሊፋየር አብረው መሸጥ ነበረባቸው። ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው ማለት ነው። እስቲ ይህችን ያዙልኝ፤ የምለው ሁሉ የሚዞረው እሷ ላይ ነው፦ ፒካፕ ለብቻዋ ድምፅ የላትም። የምትሰሙት ሁልጊዜ ፒካፕን ከአምፕሊፋየር ጋር ነው።

ጊታሮቹንም አምፕሊፋየሮቹንም ስመ ጥር ያደረገው ሊዮ ፌንደር ደግሞ ማን ነበር? ሬዲዮ ጠጋኝ! እ.ኤ.አ. በ1938 ፉለርተን በምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሙዚቀኞች ዕቃ ሊያስጠግኑ ሲመጡ ይሰማቸዋል፣ ይጠይቃቸዋል፣ ይሠራላቸዋል። ለጀማሪ ብሎ "ቻምፕ" የምትባል፣ ጉልበቷ 5 ዋት ብቻ የሆነች ትንሽ አምፕ ሠራ። ይቺ የተማሪ ዕቃ ናት የተባለች አምፕ ናት እንግዲህ ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1970 "ላይላ"ን ሲቀዳ ስቱዲዮ ይዟት የገባው። ተማሪዬ ይቺን አንቀጽ ሁለቴ ያንብባት።

ወደ እኛ አገር ልመለስ። ዘመናዊ ሙዚቃችን የተወለደው በመለከትና በከበሮ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው "አርባ ልጆች"፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፤ ይሄን ታሪክ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አውርተነዋል። እኔ ዛሬ የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ አዳራሽ በድምፅ ለመሙላት ያኔ ሃያና ሠላሳ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሃያና ሠላሳ ሰው፣ ከነደመወዙ፣ ከነደንብ ልብሱ፣ ከነሳክስፎኑ ማን ይችላል? መንግሥት ብቻ። ስለዚህ ዘፋኙም፣ ተጫዋቹም የመንግሥት ወታደር ወይም ፖሊስ ነው። እኛው ሸዋ፣ ወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠ እንኳ የክቡር ዘበኛ ሰው ስለነበር፣ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታስሯል። ዓሊ ቢራም ከድሬዳዋው አፍረን ቀሎ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የተጠለለው እዚያው ክቡር ዘበኛ ነበር። ድምፅህ የቱንም ያህል ቢያምር የምትዘፍንበት ቤት የመንግሥት ነው።

ይህንን የቀየረው ብዙ ነገር ነው። አንዱን ግን መጻሕፍት በቅጡ አይጠቅሱትም፤ አምፕሊፋየርን። አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ አንድ ባስ፣ አንድ ኦርጋን አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ፣ ስድስትና ሰባት ሰው ያንን አዳራሽ ይሞላዋል። ስድስት ሰው ደግሞ አንድ የሆቴል ባለቤት ይችላል። አስመራ ያለው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ (እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 የቆየው) ሶል ሙዚቃውንም፣ ሸክላውንም፣ የጊታር ፍቅሩንም ይዞ ገባ። አስመራ ውስጥ የማኅበር ቴአትር አስመራው ተወልደ ረዳ በክራርም በኤሌክትሪክ ጊታርም ስሙ ይነሳል። አዲስ አበባ ላይ ሶል ኤኮስ፣ አይቤክስ፣ ዋልያስ የሚባሉ የግል ባንዶች ተፈጠሩ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ሸክላ ነጋዴ ወጣት፣ ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው የሚለውን ትእዛዝ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። አምሃ ደፋር ሰው ነበር፣ እውነት ነው። ነገር ግን በትንሽ ሰው የሚሠራ፣ በሶኬት የሚጎላ ሙዚቃ ባይኖር፣ ያንን ድፍረት ምን ላይ ያውለው ነበር?

አሁንም የባለቤትነት ጥያቄ አላለቀም። ብዙ የምሽት ክበቦች ውስጥ ጊታሩም አምፑም የክበቡ ባለቤት ነው። ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ጋር ከተጣላ እጁን አጨብጭቦ ይወጣል። ዋልያስ ባንድ የተለየው የራሱን መሣሪያ በመግዛቱ ነው፤ መሣሪያው የራሱ ስለሆነ የተሻለ ወደከፈለው ይሄዳል። ሒልተን የገባው እንዲህ ነው። በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን፣ ሰው በሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ እስከ ንጋት ድረስ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዱ፣ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። አምፕ መግዛት ሲባል የሽቦና የአምፖል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ስለ ጊታር ካነሳን ሰላም ስዩምን ሳልጠቅስ አላልፍም። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀዳው የማሕሙድ አህመድ "እሬ መላ መላ" ላይ አይቤክስ ነው ያለው። ለእኔ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ሰላም ስዩም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ታሪክ ነው። ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ጥናት ጽፏል። ጊታርና ታሪክ አብረው አይሄዱም ለምትሉኝ ባልደረቦቼ ይድረስልኝ!

ታዲያ ቫልቩ የት ገባ? ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ተፈለሰፈ። ከዚያ በሃያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ቫልቭን ከሬዲዮም፣ ከቴሌቪዥንም አስወጣው። ቀላል ነው፣ አይሞቅም፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ርካሽ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ለውጡ የገጠመው ከደርግ ጋር ነው። የሰዓት እላፊው ምሽቱን ገደለው፣ ሸክላው በካሴት ተተካ፣ ከዚያ ኪቦርድ መጣና የነፊዎቹንም የጊታሪስቱንም ቦታ አንድ ሰው ያዘው። የእኛ ትውልድ ልጅነት ድምፅ ይኸው ነው፤ አንድ ኪቦርድና ሞንታርቦ።

ሞንታርቦ! ይሄ ቃል ራሱ ታሪክ ነው እኮ። አምቦም ሆነ ባኮ፣ ሠርግ ቤት ያለ ትልቅ ስፒከር ሁሉ፣ ቻይና ይሥራው ጃፓን፣ ሞንታርቦ ነው። ሞንታርቦ ግን የጣልያን ፋብሪካ ስም ነው፤ በአውሮፓ የባንዶች ዘመን የድምፅ ማጉያ ይሠራ የነበረ። ኩባንያው እኛ አገር ስሙን ለዕቃው ሁሉ አውርሶ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ አምቦ ላይ "ሞንታርቦ አምጡ" ስንል ሳናውቀው የዚያን ዘመን ስም እየጠራን ነው።

በሌላው ዓለም ቫልቭ ከብዙ ቦታ ሲጠፋ ከጊታር አምፕ አልወጣም። ጊታሪስቶቹ እምቢ አሉ። ምክንያቱ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ድንገት ይቆረጣል፣ ጆሮ ይቧጥጣል። ቫልቭ ግን ቀስ እያለ ነው የሚሻክረው፤ ጠንክረህ ስትመታ ይጮሃል፣ ለስለስ ስታደርግ ይመለሳል። ጣትህን ይሰማል። ፒካፕ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በሁለት ፒካፕ መካከል ያለው ልዩነት የሚሰማው እዚያችው ማለስለስና መጠንከር መካከል ነውና። የምዕራቡ ፋብሪካዎች ከተዘጉ በኋላ ቫልቭ የሚሠሩት ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ መላክ ስታቆም የዓለም ጊታሪስት ሁሉ ተንጫጭቶ ነበር።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፣ ወደ ጥያቄህ።

መጀመሪያ፣ የሚሸጥልህ ሰው "የድሮው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ድምፅ ከቫልቭ ነው የመጣው" ቢልህ ግማሹን ብቻ እመነው። እነዚያ ሸክላዎች ላይ የምትሰማው አምፑን ብቻ አይደለም። አዳራሹን፣ ጥቂት ማይክሮፎኖችን፣ ቴፑን፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሲጫወቱ አንዱ በሌላው ማይክ ውስጥ መግባቱን ነው። ያንን በገንዘብ አትገዛውም። አንተ የምትፈልገው ደግሞ የሚያሳምር አምፕ አይደለም፤ የሚመሰክር ነው። ፒካፕህ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው የሚልህ። ሪቨርብ፣ ኤፌክት፣ ብዙ ማዞሪያ ያለው አምፕ ሸንጋይ ነው። ማሳመሪያው በበዛ ቁጥር ሁሉም ፒካፕ አንድ ዓይነት ይመስልሃል።

ስለዚህ ትንሽ፣ ግልጽ፣ በቀላሉ የሚጠገን ፈልግ። 5 ዋት ይበቃሃል። 5 ዋት ቫልቭ አንተ ባለህበት ክፍል ውስጥ ጎረቤት ያጣላል፣ አምናለሁ ስትለው። ኤፒፎን ቫልቭ ጁኒየር የሚባለው አሁን አይመረትም፣ ያገለገለ ግን ይገኛል፤ ያለው አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው፣ የድምፅ መጠን። ለአንተ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ2007 እንደገና ያወጣው ቻምፒየን 600 እንዲሁ ባለ አንድ ማዞሪያ ነው፤ ስፒከሩ ግን 6 ኢንች ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አይነግርህም፣ ሌላ ስፒከር አገናኝበት። ቡጌራ ቪ5 ጉልበቱን ወደ 1 ዋትና ወደ 0.1 ዋት መቀነስ ይችላል፤ ሪቨርቡን ዜሮ ላይ አድርገህ እርሳው። ቮክስ ኤሲ4ም ደህና ነው። ፌንደር ብሉዝ ጁኒየርን ብዙ ሰው ያወድሰዋል፣ ጥሩም ነው፤ ግን 15 ዋት ነው፣ ይወደዳል፣ ለመድረክ እንጂ ለጠረጴዛ አይደለም። ስትገዛ ውስጡ ያሉት ቫልቮች 12ኤኤክስ7 እና ኢኤል84 ወይም 6ቪ6 መሆናቸውን ጠይቅ። እነዚህ ዛሬም የሚመረቱ ናቸው፤ ቢቃጠሉ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በኪሱ ይዞልህ ይመጣል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው፣ እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንድ ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ይዞልኝ መጣ። ሶኬቱ አልገባ ሲለኝ አስማሚ ገዛሁ፣ ሰካሁት፣ እንደ ሰማይ ብርሃን ቦግ አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። የአሜሪካ ዕቃ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። አስማሚ የሶኬቱን ቅርጽ ነው የሚለውጠው፣ ቮልቱን አይደለም! ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳላነብ ዘለልኩት፤ ተማሪዎቼን "ጥያቄውን በደንብ አንብቡ" ስል የምኖር ሰውዬ። ስለዚህ ያ ሰው የሚሸጥልህ አምፕ 120 ቮልት ከሆነ የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ዋጋውን ደምርበት። በዚያ ላይ ለአሜሪካ 60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ የበለጠ ይሞቃል።

የእኛ 220 ደግሞ ሁልጊዜ 220 አይደለም። ምሽት ሁሉም ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ሲደበዝዝ ታውቀዋለህ። አብዛኛው የቫልቭ አምፕ ከግድግዳ የሚመጣውን ቮልት አያስተካክልም፣ የመጣለትን ይዞ ነው የሚሠራው። ቮልቱ ሲወርድ ድምፁም ይደክማል፣ ቶሎ ይሻክራል። ጠዋት የሞከርከውን ፒካፕ ማታ ከሞከርከው ጋር ካወዳደርክ የምታወዳድረው ፒካፕን ሳይሆን የአምቦን መብራት ነው። ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ገመድ፣ በአንድ ዓይነት ክር፣ ከክሩ በእኩል ርቀት አስቀምጠህ ሞክር። ከመስካትህ በፊት ቮልቱን በቴስተር ለክተህ ደብተርህ ላይ ጻፍ። የሚታወቅ ፋብሪካ የሠራው አንድ ፒካፕ ደግሞ ለማወዳደሪያ ይኑርህ።

ሦስተኛው የሞት ጉዳይ ነው፣ ቀልድ የለም። ቫልቭ አምፕ ውስጥ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ። ሶኬቱን ነቅለኸው እንኳ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ሬዲዮና ቴፕ ስትፈታ የለመድከው ልምድ እዚህ አይሠራም። የሚያውቅ ሰው ካፓሲተሩን በአግባቡ ባዶ ሲያደርግ ሳታይ ክዳኑን አትክፈት። ስፒከር ሳታገናኝም አታብራው፣ ትራንስፎርመሩን ትገድለዋለህ።

አሁን የማትወደውን ልንገርህ። ደንበኞችህ እነማን ናቸው? የጉደር መዘምር፣ የግንጪ የሠርግ ባንድ። እነሱ ቫልቭ አምፕ አላቸው? የላቸውም። ሚክሰር ላይ ሰክተው በሞንታርቦ ነው የሚለቁት። ሚክሰር ላይ ያለው ተራ መሰኪያ ደግሞ ፒካፕን ያፍነዋል፤ ፒካፕ እንደ ቀጭን ምንጭ ናት፣ የጊታር አምፕ በስስት ይቀዳላታል፣ ሚክሰሩ ግን በበርሜል ይገለብጣታል፣ ጥራቷም ይጠፋል። እንግዲህ አንተ በጥሩ አምፕ ሞክረህ "ዋው" ያልከው ፒካፕ ጉደር ሲደርስ ደብዛዛ ሆኖ ቢመለስብህ ጥፋቱ የማን ነው? ሁለት ጊዜ ሞክር፦ አንዴ በቫልቩ፣ አንዴ በአሮጌ ሚክሰርና በተራ ስፒከር። በሁለቱም የቆመች ፒካፕ ናት የምትሸጠው። ገንዘብህን ሁሉ አምፑ ላይ ካፈሰስክ ለሁለተኛው አይተርፍህም።

ክራሩ ደግሞ ሌላ ነው። የናይለን ወይም የጅማት ክር ከሆነ ማግኔት አይሰማውም፤ ማግኔት የሚሰማው ብረት ነው። ለእሱ ሆዱ ላይ የምትለጠፍ ፒዬዞ ያስፈልግሃል። ለፒዬዞ ቫልቭ አያስፈልግም፣ ትንሽ ባለ ባትሪ ፕሪአምፕ ይበቃል። ሥራህ ወደ ክራር የሚያደላ ከሆነ ስድስት ወር ኪራይህን በኪስህ ይዘህ ቁጭ በል። ይሄን ራስህ ታውቃለህ፣ ደብተርህን ቁጠር።

ይህንን ሁሉ ቅዳሜ ዕለት በአካል ነገርኩት፤ ከዚያ ቴስተሩን ይዘን ሰውዬው ጋ አብረን ሄድን። አምፑ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። አንድ ኮርድ ሲመታበት ሁለታችንም ዝም አልን። ከጀርባው ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ይላል፤ ሰውዬው በመቀነሻ ነው የሚያሠራው፣ መቀነሻው አብሮ አይሸጥም። ልጁ የራሱን ሁለት ፒካፕ ይዞ ነበር፣ እየቀያየረ ሞከራቸው። ቤቱ በሞንታርቦ ሲሰማት የኖረችውና "ምርጧ" የሚላት ስምንት ሺህ ዙሯ ጭቃ የተቀባች መሰለች። ዙሯ ያነሰችው፣ ሊጥላት የነበረችው፣ እንደ ደወል ጠራች። ፊቱን ብታዩት! ሰውዬው ዋጋ ቀነሰለት፣ ልጁ እኔን አየ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ውሳኔው የሱ ነው።

አልገዛውም። "ቲቸር፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፣ ለዛሬ ይበቃኛል" አለኝ በመንገድ ላይ። አሁን ዙር እየቀነሰ አዲስ እየጠመጠመ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ሆለታ፣ ውጭም ያላችሁ፦ ባለ 5 ዋት፣ ባለ 220 ቮልት፣ ማዞሪያው ትንሽ የሆነ ያገለገለ የቫልቭ አምፕ ቤታችሁ አቧራ እየጠጣ ከሆነ በውስጥ መስመር ዋጋውን ንገሩኝ። ባይሠራም ችግር የለውም፣ ትራንስፎርመሩ ግን ያልተቃጠለ ይሁን። የተቃጠለውማ እኔ ቤት አለ።